የተላላፊ በሽታ መዝገብና የግለሰብ ምስጢር

የገዳሪፍና የመተማ ወሰን ነጋዴ፥ ስደተኛና በሽታ የሚመላለሱበት መንገድ ነው። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ከ50,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻግረው ብዙዎቹ በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ስደቱ ተገላቢጦሽ ኾኖ ሰዎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ገቡ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በገዳሪፍ የኮሌራ ወረርሽኝ መነሣቱ ታወጀ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሹም የበሽተኛን ስም ቢጠይቅ ያለ አግባብ አይደለም። ኮሌራ በተበከለ ውሃና ምግብ ስለሚተላለፍ፥ በሽተኛው ከየትኛው ጕድጓድ እንደ ጠጣ፥ መቼ እንደ ታመመና ከማን ጋራ እንደሚኖር ሐኪም ማወቅ አለበት። ከየትኛው ወገን እንደ ተወለደ ወይም ስለ ምን እንደ ሸሸ ግን ለውሃው ምርመራ አንዳች አይጠቅምም። በ1854 እ.ኤ.አ. በለንደን ኮሌራ በገባ ጊዜ ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾቹን ብዛት በየቤታቸው በካርታ ላይ በጥቍር ጭረት አመልክቶ ምክንያቱ አንድ የውሃ መሳቢያ መኾኑን አስረድቷል፤ ለዚህም የሟቾቹን ስም በካርታው ላይ መጻፍ አላስፈለገውም።

የዛሬው መዝገብ ግን ሌላ ነው። ስደተኛ ሲመዘገብ የጣቱን አሻራና የዐይኑን ምስል ይሰጣል፤ ስሙን ቢለውጥ እንኳ እነዚህን ሊለውጥ አይችልም። ወረቀት በሣጥን ይቈለፋል፤ በኮምፒዩተር የገባው ግን ባንድ ደቂቃ ከአገር ወደ አገር ያልፋል። ከታጣቂ ሸሽቶ ለመጣ ሰው መዝገቡ በሌላ እጅ መግባቱ የነፍስ ጉዳይ ነው። ይህን የፈራ በሽተኛ በድንኳኑ ተደብቆ ይቀራል፤ በሽታውም ሳይታወቅ ወደ ጎረቤቱ ያልፋል። ስለዚህ ምስጢርን መጠበቅ ጤናን ይጎዳል የሚሉ ሰዎች ነገሩን ባንድ ወገን ብቻ አይተውታል።

ሕጉ ከሞላ ጐደል አለ። ኢትዮጵያና ሱዳን የተቀበሉት የ2005 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ፥ በ45ኛው አንቀጽ፥ የግል መረጃ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይበዛና ከሚያስፈልገው ጊዜ አልፎ እንዳይቀመጥ ያዛል። የኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016ም የጤናንና የአካል መለያን መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ቈጥሯቸዋል። የሚያሳስበው የአስቸኳይ ጊዜ ነገር ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ስለ ኮቪድ የታወጀው ዐዋጅ ከ5 ወር በኋላ አበቃ፤ ዐዋጅ ሲያበቃ ግን የተጻፈ ስም በራሱ አይጠፋም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ መዝገቡን የሚከፍተውን ሹምና መዝገቡ የሚደመሰስበትን ቀን ከመጀመሪያው ሊወስን ይገባል። እስከዚያው የቀበሌ ጸሐፊ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት በሚልከው ወረቀት ላይ የበሽተኞችን ቍጥር፥ ሰፈርና የውሃ ምንጭ ጽፎ ስማቸውን በጤና ጣቢያው ሊያስቀር ይችላል።