ከጾም ወደ ፍስክ፦ ማዕዳችንን በልክ ስለ ማድረግ



የትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴ ተፈጽሞ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ገና አልነጋም። ነጠላችንን እንዳጣፋን ወደየቤታችን ስናመራ ከየግቢው የዶሮ ወጥ መዓዛ ይቀበለናል። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሳይቀምስ የሰነበተ ሰው በዚያች ሰዓት ምን እንደሚሰማው ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። በዓሉ የደስታ በዓል ነውና ደስታው የተገባ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረውም ደስታውን ስለ መቀነስ ሳይሆን፣ ደስታው ወደ ሕመም እንዳይለወጥ ስለ መጠበቅ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥነው በራሳችን ጥፋት ምክንያት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በፋሲካ ማግሥት፣ እንደ ልማዳችን፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ልንጠይቅ በቡድን ወጣን። ዶሮ ወጥ፣ ድፎ ዳቦና ለስላሳ መጠጥ ይዘን ነበር። ከጠየቅናቸው መካከል አንዲት እናት የስኳርና የደም ግፊት ሕመም እንዳለባቸው ሁላችንም እናውቃለን። «ልጆቼ፣ ለእኔ ጥቂት ይበቃኛል» አሉን። እኛ ግን «በሞቴ»፣ «ለዛሬ ብቻ»፣ «ዓመት በዓል አይደለም ወይ?» እያልን በየተራ አጎረስናቸው፤ ለስላሳውንም ደጋግመን ቀዳንላቸው። እንዳናዝን ብለው ሁሉንም ተቀበሉን። ሁለት ቀን ሳይሞላ ስኳራቸው ከልክ በላይ ወጥቶ ሐኪም ቤት መግባታቸውን ሰማን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድነው ወጡ። ልንጠይቃቸው ስንሄድም አልተቆጡንም፤ «እናንተን እምቢ ማለት ከበደኝ» ብቻ አሉን። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ በዓል ምግብ ሐኪሞችንም ታላላቆቻችንንም ጠየቅን። ከተማርነው ዋና ዋናውን እንደሚከተለው አቅርበናል።

1ኛ/ ከጾም ስንወጣ በሰውነታችን የሚሆነው

በጾም ወራት ሆዳችን የለመደው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና የመሳሰለውን ነው። በትንሣኤ ሌሊት ግን በአንድ ጊዜ ቅቤ፣ ሥጋ፣ እንቁላልና በርበሬ ይወርድበታል። ቅባት የበዛበት ምግብ ከሌላው ይልቅ በሆድ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ቅባቱ ወደ አንጀት ሲደርስም የሐሞት ከረጢት ሐሞቱን ለማፍሰስ ይኮማተራል። በመሆኑም ሳያውቀው የሐሞት ጠጠር የያዘ ሰው በቀኝ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር፣ ብርቱ ቁርጠት ሊነሣበት ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የሰዓቱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆመን ስላደርን ድካም አለብን። ቸኩለን በልተን ወዲያው እንተኛለን። ሆድ ሞልቶ ሲተኙ የሆድ አሲድ ወደ ጉሮሮ ስለሚመለስ ቃር ይነሣል። «ፋሲካ አመመኝ» የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ያመመው ምግቡ ሳይሆን ችኮላው፣ ብዛቱና ወዲያው መተኛቱ ነው።

እናቶቻችን ይህን ከመጻሕፍት ሳይሆን ከልምድ ያውቁታል። ለዚህም ነው በብዙ ቤት ከዶሮው በፊት ተልባ የሚቀርበው። ተልባ በውኃ ሲበጠበጥ የሚለጠልጥ ልስላሴ ያወጣል፤ አሰርም አለው። እኛ ወጣቶች ግን ተልባውን የአሮጊት ነገር አድርገን እየዘለልን በቀጥታ ወደ ድስቱ እንሄዳለን።

2ኛ/ የሚያወፍረን የአንድ ቀን ማዕድ አይደለም

ብዙዎቻችን በበዓሉ ቀን ጥቂት አብዝተን ከበላን ወፈርን ብለን እንሰጋለን። ይህ ትክክል አይደለም። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ለማከማቸት ሰውነት ከሚያስፈልገው በላይ ወደ 7,700 ካሎሪ የሚጠጋ መብላት ያስፈልጋል። ይህን ያህል ትርፍ ደግሞ በአንድ ገበታ የሚበላ ሰው አይገኝም። በበዓሉ ማግሥት ሚዛን ላይ ወጥተን የምናየው ጭማሪ አብዛኛው ገና ያልተፈጨ ምግብና ጨው የያዘው ውኃ ነው።

የሚያወፍረን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። እንደምናውቀው ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በእነዚህ ቀናት በየቀኑ ከወትሮው አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤና አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻ ብንጨምር ምን ይሆናል? እናስላው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የነጠረ ቅቤ ወደ 120 ካሎሪ አለው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፣ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው፣ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር ስላለበት እርሱም ከ120 ካሎሪ በላይ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ በቀን 250 ያህል፣ በ50 ቀን 12,500 ካሎሪ ይሆናል። ይህም በግምት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ክብደት ነው። ለአንድ ዓመት ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ሳይወርድ በየዓመቱ ቢደራረብ በ10 ዓመት ወዴት እንደሚያደርስ ማስላት ለማንም አይከብድም። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ የመዘምራን ልብሳችን ጠበበን ስንል በሰፊው ላይ ባንፈርድ መልካም ነው!

«ታዲያ በጾሙ ወራት ይወርዳል» የሚል ይኖራል። ሁልጊዜ አይደለም። ቅቤው ቢቀርም በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ዘይት የዋኘበት ወጥ ካለ በጾምም ይወፈራል። ከሁሉ በላይ ግን ጾም የክብደት መቀነሻ ዘዴ አይደለም። ለቁመና ብሎ የሚጾም ሰው ጾሙን ከዓላማው ያወጣዋል። እንዲሁም በበዓሉ አብዝቼ በልቻለሁ ብሎ በማግሥቱ ራሱን በረኃብ የሚቀጣ ወጣት ማታ ላይ እጥፉን ሲበላ ይገኛል። የሚሻለው በማግሥቱ ወደ ተለመደው ማዕድ በጊዜ መመለስ ነው።

ስለ ክብደት ካነሣን መለኪያውንም እንወቅ። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ክብደቱ በኪሎ ተወስዶ ለቁመቱ በሜትር ሁለት ጊዜ ሲካፈል 25 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ክብደቱ ከልክ አልፏል፤ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሰው 64 ኪሎ ሲመዝን 25 ላይ ደረሰ ማለት ነው። ይህ መለኪያ ሁሉን አይናገርም፤ ቢሆንም ለማስጠንቀቂያ ይበቃል። በአገራችን «ወፈርህ፣ ተመችቶሃል» ማለት ምርቃት ሆኖ ኖሯል። ውፍረት ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት በር እንደሚከፍት ካወቅን ወዲህ ግን ሰላምታችንን «ጤናህ እንዴት ነው?» ብናደርገው ይሻላል። የወፈረውንም ሆነ የከሳውን በሰው ፊት ማሳቀቅ ደግሞ ከወንድማማችነት ውጭ ነው።

3ኛ/ ልኩ ድሮም ነበር

አንዳንዶቻችን በልክ መብላት ከውጭ የመጣ ትምህርት ይመስለናል። የዶሮ ወጣችንን እንመልከት። አንዲት ዶሮ በሥርዓት ስትገነጠል 12 ብልት ይወጣታል፤ እንቁላሉም በዚያው ቍጥር ይቀቀላል። ይህም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ብልትና አንድ እንቁላል እንዲደርስ ነው። የአባወራው፣ የእንግዳው፣ የልጁ ድርሻ የታወቀ ነበር። ለምን ቢሉ፣ አንዱ ሁለት ቢያነሣ ሌላው ባዶ ይቀራልና ነው። ልኩ የተሠራው ለጤና ተብሎ ባይሆንም ጤናንም ይጠብቃል። ዛሬ ሁለትና ሦስት ብልት የምናነሣ እኛ የድሮውን ሥርዓት አፈረስን እንጂ ሌላ ዘመናዊነት አልጨመርንም።

4ኛ/ እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሀ/ በትንሣኤ ሌሊት ጥቂት ብቻ እንቅመስ። ተልባ ወይም ውኃ እናስቀድም፤ ቀጥሎ አንድ ብልት በአንድ እንጀራ ይበቃል። ዋናው ምሳ ተኝተን ከተነሣን በኋላ ይሁን።

ለ/ ቀስ ብለን እናኝክ። ሆድ መጥገቡን ለአእምሮ እስኪያስታውቅ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በ10 ደቂቃ ገበታውን የጨረሰ ሰው መጥገቡን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው።

ሐ/ ጎመኑ፣ ሰላጣውና ምስሩ ከበዓል ገበታ አይባረሩ። ከወጡ ጐን አብረው ሲቀርቡ ቶሎ ያጠግባሉ።

መ/ ወጥ የምንሠራ እኅቶችና ወንድሞች ቅቤውንና ጨውን እንቀንስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚመክረው ጨው ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው።

ሠ/ ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስይዝ ይችላል። ቁርጡን በጥብስ መለወጥ ከዚህ ይጠብቃል። የተረፈውንም ወጥ ውጭ አናሳድረው፤ ማቀዝቀዣ ባለበት በጊዜ ይግባ፣ ሲበላም እስኪፈላ ይሙቅ።

ረ/ ለጥም ውኃ ይቅደም። ጠጅና ጠላም እንደ ምግብ ያወፍራሉ፤ በአልኮል ውስጥ በአንድ ግራም 7 ካሎሪ አለና።

ሰ/ ዘመድ ጥየቃ ቅርብ ከሆነ በእግር እንሂድ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ለጤና የሚመከር መጠን ነው፤ በበዓል ሰሞን ሦስት ቤት በእግር የጠየቀ ሰው ከዚህ ብዙውን ይፈጽማል።

5ኛ/ ስለ ሕመምተኞችና ስለ ጉርሻ

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። የስኳር ሕመምተኛ በዓል አያክብር አልተባለም። ከዶሮው አንድ ብልት፣ ከእንጀራው ጥቂት፣ ከጎመኑ በዛ አድርጎ ሊበላ ይችላል። ለስላሳ፣ ጠጅና የማር ብርዝ ግን ስኳሩን በፍጥነት ያወጡበታል። መድኃኒቱን ወይም ኢንሱሊኑን «ለዛሬ» ብሎ መተው፣ ወይም በገዛ ፈቃድ መጨመር አደገኛ ነው። ከጾሙ በፊት ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛ ከዐቅሙ በላይ እንዲጾም አታስገድድም።

ምልክቶቹንም እንወቅ። ብርቱ ጥም፣ ሽንት መመላለስ፣ ማስመለስ፣ መፍዘዝ ከታየ ስኳሩ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ድንገተኛ ድካም ከታየ ደግሞ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠትና ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥ።

«ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ይባላል። አባባሉን አንነቅፍም፤ ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነውና። ነገር ግን እኛ ያስጨነቅናቸው እናት ሆዳቸው ብቻ አልነበረም የተጨነቀው። በአንድ በኩል ሕመማቸው፣ በሌላ በኩል የእኛ ማዘን አስጨነቃቸው። ስለዚህ በቡድናችን አንድ ደንብ አወጣን፦ «ብሉልን» አንድ ጊዜ እንላለን፤ «ይበቃኛል» ከተባልን «እሺ» እንላለን። «በሞቴ» በሕመምተኛ ፊት አይባልም። የምንጋበዝ ስንሆን ደግሞ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጠግቤአለሁ» ብሎ እጅን መሰብሰብ ጋባዡን መናቅ አይደለም።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ እኒያ እናት ስንሄድ ለስላሳውን ትተን ጎመን፣ አይብና ጥቂት ዶሮ ወጥ ይዘን ሄድን። እርሳቸው የፈለጉትን ያህል ቆረሱ፤ እኛም ዝም አልን። ከዚያ ቡና አፍልተው ያለ ስኳር ጠጡና እስኪመሽ አጫወቱን። በመጀመሪያው ዓመት ስንመግባቸው አንድም ወግ አልሰማንም ነበር።

ጌታችን ሕዝቡን በምድረ በዳ ከመገበ በኋላ የተረፈው ቍርስራሽ እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ ማዘዙን በወንጌል ተምረናል። ሁሉም ጠግበው ሳለ 12 መሶብ ተረፈ። ከጠገብን በኋላ የሚቀረው በግድ ለጠገበ ሆድ የሚጨመር ሳይሆን፣ ላልደረሰው ሰው ተሰብስቦ የሚቀመጥ ነው። በቅርጫው ሥጋ ማን አልተካፈለም? በደጃችን ማን አለ? ሁለተኛውን ብልት ከማንሣታችን በፊት ይህን ብንጠይቅ፣ ለእኛ ጤና፣ ለሌላው ደግሞ በዓል ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቀናት በቤታችሁ ገበታ ላይ ከወትሮው የሚጨመረው ምንድን ነው? በምን ሊተካ ይችላል?

2. በቤተሰባችሁ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ ካለ፣ በበዓል ቀን ሳያፍርና ሳይጨነቅ ከሁሉ ጋር እንዲበላ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?

3. «ይበቃኛል» ሲባል «እሺ» ማለት የሚከብደን ለምንድን ነው?