መብራቱ ከጠፋ በኋላ፦ በቤት ውስጥ የኮራል አኳሪየም የሚኖሩ የሌሊት እንስሳትና ያልተጠሩ እንግዶች

የኮራል ሪፍ በሞቃት ባሕሮች ዳርቻ፣ ኮራል የሚባሉ ትናንሽ እንስሳት ከባሕሩ ውሃ በሚወስዷቸው ንጥረ ነገሮች ካልስየም ካርቦኔት እየሠሩ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት የሚገነቡት የድንጋይ አምባ ነው። ለአገራችን ቅርብ ከሆኑት የኮራል አምባዎች መካከል በቀይ ባሕር የዳህላክ ደሴቶችን የከበቡት ይገኙበታል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን ደግሞ የዚህን አምባ ትንሽ ናሙና በመስታወት ሳጥን ውስጥ አድርገው በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። ሳጥኑ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ያለበትና ሙቀቱ ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚጠጋ ውሃ ይሞላል፤ ውሃውን የሚያንቀሳቅስ ፓምፕና የፀሐይን ቦታ የሚተካ ብርቱ መብራትም ይገጠምለታል።

ይህ ሳጥን ቀንና ሌሊት የተለያየ መልክ አለው። ቀን ባለ ደማቅ ቀለም ዓሦች ይታዩበታል። መብራቱ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ሲያልፍ ግን ባለቤቱ ገዝቶ ያላስገባቸው ትሎች፣ ሸርጣኖችና ቀንድ አውጣዎች ከየስንጥቁ ይወጣሉ። በማግሥቱ አንድ ኮራል ተበልቶ ወይም አንድ ዓሣ ሞቶ ከተገኘ ጥርጣሬው ወዲያውኑ በእነዚህ ላይ ያርፋል። በዚህ ጽሑፍ የሌሊቱን ነዋሪዎች ማንነት፣ ከእነርሱም መካከል በእርግጥ ጎጂ የሆኑትን፣ ጎጂውን ከጠቃሚው ለመለየትም ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚያስፈልግ እንመለከታለን።

እንግዶቹ ከየት ይመጣሉ?

የኮራል አኳሪየም መሠረቱ ሕያው ድንጋይ የሚባለው ነው። በእርግጥ ሕያው የሆነው ድንጋዩ ሳይሆን በውስጡ የሚኖረው ፍጥረት ነው። ከሞተ ኮራል የተሠራው ይህ ድንጋይ እንደ ስፖንጅ በቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ከዓሦች የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይትና ወደ ናይትሬት የሚለውጡት እነርሱ ናቸው። ያለ እነርሱ ዓሦቹ በራሳቸው ቆሻሻ ይመረዛሉ።

ባክቴሪያዎቹ ከሚገቡበት በር ግን ሌሎችም ይገባሉ። የትል ዕንቁላል፣ የሸርጣን እጭ፣ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ የምታርፍ አኔሞኒ ከድንጋዩ ወይም ከአዲስ ኮራል ጋር ተጣብቀው ይመጣሉ። ከእነዚህ አብዛኛዎቹ ጉዳት የላቸውም፤ ብዙዎቹም የተረፈ ምግብ በመብላት ሳጥኑን የሚያጸዱ ናቸው።

ሌሊት በሪፍ ላይ ምን ይሆናል?

ቀን በሪፍ ላይ የሚያድኑት ዓሦች በዓይናቸው የሚመሩ ናቸው። ስለዚህ ለትንንሽ እንስሳት ጨለማ መጠለያ ነው። ሌሊት ጥቃቅን ሽሪምፕ መሳይ እንስሳት ከአሸዋው ተነሥተው ይዋኛሉ፤ ኮራሎችም እነርሱን ለመያዝ ክንዶቻቸውን ይዘረጋሉ። ብዙ ኮራሎች በቀን የሚመገቡት በሕዋሶቻቸው ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች በብርሃን አስተጻምሮ ከሚያዘጋጁት ስኳር ነው፤ በሌሊት ግን ራሳቸው አዳኞች ይሆናሉ።

የውሃው ኬሚስትሪም ይለወጣል። ብርሃን ሲጠፋ ብርሃን አስተጻምሮ ይቆማል፤ ትንፈሳ ግን አይቆምም። በመሆኑም ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል፣ የውሃው ፒኤች ይወርዳል። ቀን 8.3 አካባቢ የነበረው ፒኤች ጎሕ ሲቀድ ወደ 8.0 ወይም ከዚያ በታች ሊደርስ ይችላል። ብዙ ዓሦች በታጨቁበት ሳጥን ውስጥ ሌሊት የሞተ ዓሣ ገዳዩ እንስሳ ሳይሆን የኦክስጅን እጥረት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የሌሊት እንቅስቃሴ ለኮራሉ የሚበጅበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ በቀይ ባሕር በአቃባ ባሕረ ሰላጤ የተካሄደ ጥናት፣ ዳሲለስ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች ሌሊቱን በኮራል ቅርንጫፎች መካከል ሆነው ክንፋቸውን ሲያወዛውዙ እንደሚያድሩ አሳይቷል። ይህ እንቅስቃሴ በቅርንጫፎቹ መካከል የታገደውን ውሃ እየለወጠ ለኮራሉ ኦክስጅን ያደርስለታል።

ጅብና ሬሳው

ከሁሉ ይበልጥ የሚታሙት የሌሊት ነዋሪዎች በጎንና በጎናቸው ጠጉር የተደረደረላቸው ባለ ቀለበት ትሎች ናቸው። የአኳሪየም ባለቤት በሌሊት የእጅ ባትሪ አብርቶ የሞተ ዓሣ በእነዚህ ትሎች ተከብቦ ሲያይ ዓሣውን የገደሉት እነርሱ ይመስሉታል።

የገጠር ልጅ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ የሚያስታውሰው ነገር ይኖራል። ጠዋት የአህያ ሬሳ በጅብ ተበልቶ ቢገኝ፣ አህያዋን ጅብ ገደላት ወይስ በበሽታ የሞተችውን ጅብ በላት? የጥርሱ ምልክት ሁለቱን አይለይም። ጅብ አዳኝም ነው፣ ጥንብ የሚያነሣም ነው። በአኳሪየም ውስጥ የሚገኙት አብዛኛዎቹ ጠጉራም ትሎች ግን ሁለተኛውን ሥራ ብቻ የሚሠሩ ናቸው። የሞተውን ዓሣ በፍጥነት ባይበሉት በሬሳው መበስበስ የሚፈጠረው አሞኒያ በሕይወት ያሉትንም በገደለ ነበር። ቁጥራቸው በጣም መብዛቱ ራሱ መልእክት አለው፤ ባለቤቱ ከሚፈለገው በላይ ምግብ እየጨመረ መሆኑን ያመለክታል።

ይህ ሲባል ሁሉም ንጹሕ ናቸው ማለት አይደለም። በአትላንቲክና በሜዲትራኒያን የሚኖረው ሄርሞዲስ ካሩንኩላታ የሚባለው እሳታማ ትል ሕያው ኮራልን ይበላል። ጠጉሩም በሰው ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ስለሚቀር ብርቱ የማቃጠል ስሜት ያስከትላል። በመሆኑም ማንኛውንም ጠጉራም ትል በባዶ እጅ መንካት አይገባም።

በእርግጥ ጎጂ የሆኑት

አንደኛ፣ ዩኒስ ከሚባለው ወገን የሆኑ ትላልቅ ትሎች ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ አገር በኒውኪ ከተማ በሚገኝ ለሕዝብ ክፍት የሆነ አኳሪየም ውስጥ ኮራሎች ተቆራርጠው፣ ዓሣም ቆስሎ ይገኝ ጀመር። ሠራተኞቹ ወጥመድ ቢያኖሩም አልተሳካላቸውም። በመጨረሻ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥተው ሲመለከቱ ርዝመቱ ከ1 ሜትር የሚበልጥ ትል አገኙ። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ከድንጋይ ጋር ሳይታይ ገብቶ በስውር እንዳደገ ይታመናል። በዚያው ዓመት በጃፓን የተገኘ ሌላ የዚህ ወገን ትል ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ነበረው።

ሁለተኛ፣ ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባለው እንስሳ አለ። ከማንቲስ ሽሪምፖች አንዳንዶቹ ዱላ የሚመስል ክንድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሺላ ፓቴክና ባልደረቦቿ በፈጣን ካሜራ ለክተው ክንዱ በሰከንድ እስከ 23 ሜትር ፍጥነት እንደሚደርስ አሳውቀዋል። ይህም በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። በዚህ ምት የቀንድ አውጣንና የሸርጣንን ቅርፊት ይሰባብራል። በቤት ውስጥ መኖሩ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከድንጋዩ ውስጥ በሚሰማ የቀጭታ ድምፅና በተሰባበሩ ቅርፊቶች ነው።

ሦስተኛው በዓይን ለማየት የሚያዳግት ነው። ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የሚባለው ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ በዓሣው ቆዳ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያወጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከዓሣው ተላቆ መሬት ላይ በቅርፊት ይሸፈንና በውስጡ ይባዛል። አዲሶቹ ተሕዋስያን ከቅርፊቱ የሚወጡት በአብዛኛው በጨለማ፣ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ነው። ዓሦቹ በዚያ ሰዓት በመሬቱ አጠገብ ተኝተው ስለሚገኙ ተሕዋስያኑ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። የዚህ በሽታ የታወቀ መድኃኒት መዳብ ሲሆን፣ መዳብ ኮራልንና ሽሪምፕን ስለሚገድል ሕክምናው መሰጠት ያለበት ዓሣውን ወደ ሌላ ሳጥን በማዛወር ብቻ ነው።

አራተኛው ተጠርጣሪ ባለቤቱ ራሱ በብዙ ገንዘብ የገዛው ኮራል ነው። አንዳንድ ኮራሎች በተለይ ሌሊት ነዳፊ ሕዋሳት የታጠቁ ረጃጅም ክንዶችን በበርካታ ሴንቲ ሜትር ርቀት ዘርግተው ጎረቤታቸውን ያቃጥላሉ። ጠዋት ክንዶቹ ተሰብስበው ስለሚገኙ ቁስሉ እንጂ አቁሳዩ አይታይም። የዚህ መፍትሔ ኮራሎቹን ማራራቅ ብቻ ነው።

ከሸርጣኑ የምንማረው

በኮራል ቅርንጫፎች መካከል ትራፔዚያ የሚባሉ ትናንሽ ሸርጣኖች ይኖራሉ፤ ኮራሉ የሚያመነጨውን ንፍጥም ይመገባሉ። ይህን ብቻ ያየ ሰው ጥገኞች ናቸው ብሎ ሊያስወግዳቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት፣ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ በሞሬያ ደሴት ተመራማሪዎች ይህንኑ በሙከራ ፈተኑት። ከአንዳንድ ኮራሎች ላይ ሸርጣኖቹን አነሡ፤ በሌሎቹ ላይ እንዳሉ ተዉአቸው። ሸርጣን ከተነሣባቸው ኮራሎች ብዙዎቹ አንድ ወር ሳይሞላቸው ሞቱ፤ ሸርጣን ያላቸው ግን በሕይወት ቆዩ። ሸርጣኖቹ በኮራሉ ላይ የሚያርፈውን ደለል እየጠረጉ ያነሡለት ነበር።

የዚህ ሙከራ ኃይሉ በማነጻጸሪያው ላይ ነው። ሸርጣኖቹን ከሁሉም ኮራሎች ላይ አንሥተው ቢሆን ኖሮ የሞቱ መንስኤ የውሃው ሙቀት ይሁን፣ በሽታ ይሁን፣ የሸርጣኑ መነሣት ይሁን ለመለየት ባልተቻለ ነበር።

በመቀጥቀጥ የምትበዛው አኔሞኒ

ኤይፕታዚያ የምትባል ትንሽ ቡናማ አኔሞኒ ቶሎ እየተባዛች ኮራሎችን በነዳፊ ክንዶቿ ታቃጥላለች። በወረንጦ ቢቀጠቅጧት ከሚቀረው ቁራጭ አዳዲስ አኔሞኒዎች ስለሚበቅሉ ቁጡ ባለቤት አንዷን አሥር ሊያደርጋት ይችላል። የተሻለው ዘዴ የተፈጥሮ ጠላቷን ማስገባት ነው። ቤርጊያ የሚባለው ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ ኤይፕታዚያን ብቻ ይመገባል፤ ሥራውንም የሚሠራው በአብዛኛው በሌሊት ነው።

ይህች በቤት ውስጥ የተጠላች እንስሳ ግን በቤተ ሙከራ ተፈላጊ ናት። እንደ ኮራል ሁሉ በሕዋሶቿ ውስጥ አልጌ ታኖራለች፤ ከኮራል ይልቅ ግን በቀላሉ ትራባለች። ስለዚህ ሙቀት ሲጨምር ኮራሎች አልጌያቸውን አጥተው ለምን እንደሚነጡ ለማጥናት ታገለግላለች። ሙሉ የዘር ቅንብሯ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ሲሆን፣ ከጥናቱ መሪዎች መካከል በሳውዲ ዓረብ በቀይ ባሕር ዳርቻ በሚገኘው የንጉሥ አብደላ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ነበሩ። እንግዲህ ተባይ የሚለው ቃል የእንስሳው ባሕርይ መጠሪያ ሳይሆን ከእኛ ፍላጎት ጋር ያለው ግንኙነት መግለጫ ነው።

ማጣራቱ እንዴት ይከናወናል?

ከላይ ካየነው በመነሣት ጥፋት የደረሰበት የአኳሪየም ባለቤት የሚከተሉትን ደረጃዎች ቢከተል ይጠቀማል።

1. በመጀመሪያ ውሃውን መመርመር። ሙቀት፣ ጨዋማነት፣ አሞኒያና ፒኤች ይለኩ፤ ፒኤች በማታና ጎሕ ሲቀድ ቢለካ ይመረጣል።

2. መብራቱ ከጠፋ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ በቀይ ብርሃን መመልከት። በርካታ የባሕር እንስሳት ቀይ ብርሃንን በደንብ አያዩም፤ ስለዚህ በነጭ ብርሃን የሚሸሹት አይደናገጡም። በእጅ ባትሪ ላይ ቀይ ላስቲክ ማሰር ይበቃል።

3. ያዩትን በማስታወሻ መጻፍ። የትኛው እንስሳ፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ሲያደርግ? ጤነኛ ኮራል ሲበላ የታየና በሞተ ኮራል ላይ የተገኘ እንስሳ እኩል አይጠረጠሩም።

4. ተጠርጣሪውን ሳይገድሉ መለየት። እንስሳው ወደ ሌላ ሳጥን ተዛውሮ ጥፋቱ ከቆመ፣ ሲመለስም ጥፋቱ ከተመለሰ ማስረጃው ጠንካራ ይሆናል።

5. ወደፊት አዲስ ድንጋይና ኮራል ወደ ዋናው ሳጥን ከመግባቱ በፊት በተለየ ሳጥን ለጥቂት ሳምንታት እንዲቆይ ማድረግ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

ተባዩን ለመግደል ብሎ ድንጋዩን በፈላ ውሃ መቀቀል ለሰው ሕይወት አደገኛ ነው። ዞአንተስ ከሚባሉት የኮራል ዘመዶች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ አላቸው። ይህ መርዝ እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ሳይንቲስቶች ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ በተፈጥሮ ከሚገኙት እጅግ ብርቱ መርዞች አንዱ ነው። እነዚህ እንስሳት የበቀሉበት ድንጋይ ሲቀቀል ወይም ሲፋቅ መርዙ ከእንፋሎትና ከፍንጣቂ ጋር ወደ ሳንባና ወደ ዓይን ይገባል። በዚህ መንገድ የቤተሰብ አባላት በሙሉ ሆስፒታል የገቡባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ስለዚህ ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳይለብሱ ድንጋዩን መነካካት አይገባም።

ሁለተኛ፣ ያልተፈለገ የአኳሪየም ነዋሪ ወደ ባሕር፣ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ወንዝ መጣል የለበትም። ኮለርፓ ታክሲፎሊያ የሚባለው የባሕር አልጌ ለአኳሪየም ማስዋቢያ ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በሞናኮ አጠገብ በባሕር ውስጥ ከታየ በኋላ በሜዲትራኒያን በስፋት ተዛምቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ ሲገኝ በሸራ ተሸፍኖ በክሎሪን እንዲገደል ተደረገ፤ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ የተረጋገጠው ግን በ2006 ነው። የጣለው ሰው የአንድ ደቂቃ ሥራ ለማስተካከል ስድስት ዓመት ወሰደ።

በአጠቃላይ በአንድ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ያለው ሥርዓተ ምኅዳር ትንሽ ስለሆነ አንድ ነዋሪ ሲነሣ ክፍተቱ ቶሎ ይታያል። ትሉን ያጠፋ ሰው የተረፈውን ምግብ የሚያጸዳለት ያጣል፤ ሸርጣኑን ያስወገደም የኮራሉን ጠራጊ ያጣል። በሰፊው የተፈጥሮ አካባቢያችንም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ ክፍተቱ የሚታየው ዘግይቶ መሆኑ ነው። በጨለማ በጥፋቱ ቦታ መገኘት ጥርጣሬን ያስነሣል እንጂ ጥፋተኛነትን አያረጋግጥም። ከጥርጣሬ ወደ ፍርድ የሚያሸጋግረው በጥንቃቄ የተደረገ ምልከታና ማነጻጸሪያ ያለው ሙከራ ነው።