የወፍጮ መንቀጥቀጥ ምን ያህል ኤሌክትሪክ ይሰጣል?

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ሲሪንቃን የሚያልፍ ሰው የእህል ወፍጮ ድምፅ ሳይሰማ አይቀርም። ወፍጮው በሚሠራበት ጊዜ ወለሉም ግድግዳውም ይንቀጠቀጣል። ይህ መንቀጥቀጥ ለማንም የማይጠቅም፣ እንዲያውም ብሎን የሚያላላ የባከነ ኀይል ነው። የባከነውን ለቅሞ ለአንዲት ትንሽ ሴንሰር ቀለብ ማድረግ ይቻላል ወይ? የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። እኛ የሥነ ጥበባት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስንሆን ስለ ሞተር መጻፋችን የምሕንድስና ወንድሞቻችንን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ዱቄቱን ሁላችንም እንበላዋለን።

ኀይሉን ለመልቀም የታወቁ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ማይክል ፋራዴይ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1831 ዓ.ም. ያሳየው ነው፤ ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲመላለስ በሽቦው ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ሁለተኛው ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ በ1880 የገለጡት ነው፤ ይኸውም እንደ ኳርትዝ ያሉ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ ማመንጨታቸው ነው። በሁለቱም መንገድ አንድ ቀጭን የብረት ምላስ በማሽኑ አካል ላይ ይታሰርና እንዲወዛወዝ ይደረጋል።

ቁም ነገሩ ያለው በመቃኘቱ ላይ ነው። ዥዋዥዌ የሚገፋ ልጅ ጊዜውን ጠብቆ ከገፋ በትንሽ ጉልበት ከፍ ያደርገዋል፤ ያለ ጊዜው ከገፋ ግን ያቆመዋል። የብረቱም ምላስ እንደ ክራር አውታር ከማሽኑ ምት ጋር መቃኘት አለበት። በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ባለ አራት ዋልታ ሞተር ባዶውን በደቂቃ ወደ 1,500 ጊዜ፣ በሴኮንድም ወደ 25 ጊዜ ይዞራል። ማሽላው ሲበዛበት ፍጥነቱ ትንሽ ይወርዳል። ያን ጊዜ ለአንድ ምት ብቻ የተቃኘው ምላስ ምርቱ ያሽቆለቁላል፤ ለብዙ ምት እንዲመች የተሠራው ደግሞ ከመጀመሪያውም ጥቂት ይሰጣል። መሐንዲሶችን የሚያስቸግራቸው ይኸው ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። ለምሳሌ ያህል መሣሪያው 200 ማይክሮዋት ይሰጣል እንበል። አንድ ባለ 5 ዋት አምፑል ለማብራት እንዲህ ያሉ 25,000 መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ! ስለዚህ በወፍጮ መንቀጥቀጥ ቤት እናበራለን የሚል ቢኖር አንመነው። የሴንሰር ኑሮ ግን ሌላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል፤ ነቅቶ ይለካል፤ መልእክቱን በሬዲዮ ይልካል፤ ተመልሶ ይተኛል። 200 ማይክሮዋት በአንድ ሰዓት 0.72 ጁል ያጠራቅማል። ግማሹ በመንገድ ቢጠፋና አንዱ መልእክት 0.02 ጁል ቢፈጅ፣ በሰዓት 18 መልእክት ይደርሰናል። የኩሽኔታን ጤንነት ለመከታተል ከበቂ በላይ ነው።

ኩሽኔታ ከመሰበሩ አስቀድሞ ይሞቃል፤ አነቀጣቀጡም ይለወጣል። ሳይታወቅ ከተሰበረ ወፍጮው ይቆማል፤ እናቶችም እህሉን ተሸክመው ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ይሄዳሉ። ወፍጮ ቆመ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ የሰሜን ወሎ ሰው በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በጦርነቱ ምክንያት ኤሌክትሪክ ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ አይቶታል።

መብራት ሲጠፋ ሴንሰሩም ይራባል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ማሽኑ ቆሞ ሳለ የሚያልቅ ኩሽኔታ የለም። ጠባቂው የሚነቃው የሚጠበቀው ሲሠራ ብቻ ስለ ሆነ፣ ቀለቡና ሥራው አብረው ይመጣሉ።

ይሁን እንጂ ለአንድ የሲሪንቃ ወፍጮ ይህ ሁሉ የግድ ያስፈልጋል ብለን አንከራከርም። ባለ ወፍጮው እጁን በሞተሩ ላይ ጭኖ፣ ጆሮውን ጥሎ ሕመሙን ያውቃል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በዚያው ጎዳና ወደ ደቡብ ወርደን ኮምቦልቻ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ካለበት ስንደርስ ነው። እንዲህ ባለ ፋብሪካ ኩሽኔታው እጅግ ብዙ ስለ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሽቦ መዘርጋት ወይም ባትሪ መለወጥ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል።

የምሕንድስና ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሙከራውን ቢጀምሩ ግን ከወፍጮው ይነሡ እንላለን፤ ቅርብ ነውና። በኪሳችን ያለው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ የእንቅስቃሴ መለኪያ አለው፤ ወፍጮው ባዶውን ሲዞርና ማሽላ ሲፈጭ ምቱን ለየብቻ መመዝገብ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል።