ዐጸድ፤ ጠባቂ ያለው የአትክልት ስፍራ

እግዚአብሔር አባታችንን አዳምን በገነት ባኖረው ጊዜ ሁለት ሥራ ሰጠው፤ አንደኛው ማልማት፥ ሁለተኛውም መጠበቅ ነው (ዘፍ. 2፥15)። የልዩ ልዩ አሕዛብን የአትክልት ልማድ ስንመረምር እነዚህ ሁለቱ ሳይለያዩ እናገኛቸዋለን።

የፋርስ ሰዎች አትክልታቸውን በግንብ አጥረው በመካከሉ ውኃ ያፈስሱበት ነበር፤ ጽርኣውያን ገነትን የሚጠሩበት «ፓራዲሶስ» የተባለው ቃል ከእነርሱ የተወረሰ ሲሆን፥ ትርጓሜውም ዙሪያው የታጠረ ማለት ነው። በአውሮፓም በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለመነኮሳት በተነደፈው የቅዱስ ጋል ገዳም ሥዕል የመድኃኒት ዕፀዋትና የጎመን መደብ ተለይተው ይታያሉ፤ የፍሬ ዛፎች ግን በመካነ መቃብሩ ውስጥ ተመልክተዋል።

በእኛም መጻሕፍት የወይን ቦታ «ዐጸደ ወይን»፥ የቤተ ክርስቲያን ቅጥርም «ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን» ይባላል። አንዱ ስም ለሁለቱ መሰጠቱ፥ ቅጥሩ የሚለማና የሚጠበቅ ስፍራ መሆኑን ያስተምረናል።

በነቀምቴ፥ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ አካባቢ ያለው ሕዝብ ይህን በጓሮው ያውቀዋል። ቡናው በዋንዛ ጥላ ሥር ያድጋል፤ ለመስቀል በዓል የሚቀርበው አንጮቴም በቤቱ አጠገብ ይተከላል። ዋንዛው ቢቆረጥ ቡናው ጥላ ያጣልና፥ ባለ ጓሮው ምሳሩን ከማንሣቱ በፊት ያስባል።

እንግዲህ በዐጸዳችን ላይ ምሳር ስናነሣ እኛስ እናስባለንን? በጎንደርና በጎጃም ብዙ ስፍራ የጥንቱ ደን ተመንጥሮ ጽዱ፥ ወይራውና ዝግባው የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ያቆየውም የአባቶች ፍርሃተ እግዚአብሔር ነው። ዛሬ ግን ለገቢ ሲባል ነባሩ ዛፍ ወድቆ ባሕር ዛፍ የሚተካበት ቦታ አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ያለው ጥቅም አይካድም፤ ነገር ግን ውኃን አብዝቶ ይጠጣል፥ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። ስለዚህ ስፍራው ከዐጸዱ ውጭ ቢሆን ይሻላል።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአገራችን ችግኝ በዘመቻ ይተከላል፤ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በሐምሌ ተተክሎ በጥር ውኃ ያጣ፥ ወይም ከብት የበላው ችግኝ የትእዛዙን እኩሌታ ብቻ የፈጸመ ነው። ካህናት ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር ተመካክረው ለእያንዳንዱ ችግኝ አጥርና ጠባቂ ይመድቡለት፤ በበጋም ውኃ ያጠጡት። ብዙ ተክሎ ከመርሳት ጥቂት ተክሎ ማጽደቅ ይበልጣልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።