ታፔላው ይቆየን

ልጄ፣ ከአራት ጓደኞችሽ ጋር ተደራጅታችሁ ወንዝ ዳር መሬት ማግኘታችሁን እናትሽ ነገረችኝ። ታፔላው ላይ «ኦርጋኒክ አትክልት» ብላችሁ ልታጽፉ ነው አሉ። ደስ ብሎኛል፤ ታፔላው ግን ይቆየን። እሪ በከንቱ ተወልጄ፣ ከቆርቆሮ አጥር ጥግ ጎመን ለቅሜ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝና ጥቂት ልንገርሽ።

1. ከመሬቱ በፊት ውሃውን እዪ። የሰፈራችን ስም የወጣው ገደሉ ውስጥ ወንበዴ የያዘው ሰው እሪ ቢልም የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይባላል። ጎመን ደግሞ ጭራሽ እሪ አይልም። የሽንት ቤቱን፣ የጋራዡን ዘይትና የፋብሪካውን ፍሳሽ ጠጥቶ ለምለም ሆኖ ይቆምልሻል። የአዲስ አበባ ወንዞች ትንሹና ትልቁ አቃቂ ገብተው አባ ሳሙኤል ይደርሳሉ፤ እዚያ መስመር ላይ የበቀለ አትክልት ሲመረመር ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ተገኝቶበታል። ጀርሙን መቀቀል ይገድለዋል፤ ብረቱን ግን እሳትም እጥበትም አያወጣውም። ሰላጣና ቆስጣን የመሰለ ቅጠላ ቅጠል ከሁሉ ይብሳል። ስለዚህ ጣሪያችሁ ላይ አሸንዳ ግጠሙና የክረምቱን ዝናብ በሮቶ አጠራቅሙ፤ በጋውን የቧንቧ ውሃ ክፈሉ። ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ወንዙን እየጠጣ ያደገ ቆስጣ ግን ዩሪያ ስላልነካው ብቻ ንጹሕ ነው አትበይኝ።

2. አፈሩን ራስሽ ሥሪው። አትክልት ተራ ፒያሳ ሳለ፣ ማታ ማታ የጥቅል ጎመን ልጣጭና የፈረጠ ቲማቲም መንገዱ ላይ ይከመር ነበር። እኔ በማዳበሪያ እየሞላሁ ወደ ቤት እወስዳለሁ። ማዳበሪያ የምልሽ ከረጢቱን ነው፤ ዩሪያና ዳፕ ይመጣበት ስለነበር ስሙን ወርሶ ቀረ። እኔ ነኝ ስሙን ወደ ሥራው የመለስኩለት! በ2012 ኮሮና ሲገባ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ፣ ኋላም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደና ምንጬ ደረቀ። ያንቺ ግን በየጀበናው ሥር አለ፤ የቡና አተላ የማይደፋበት ቤት ፒያሳ ውስጥ ፈልጊ እስቲ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሥር አየር እንዲገባ ወፍራም ጭራሮ አንጥፊ። በላዩ ደረቅ ነገር፣ ገለባም ቅጠልም የተቀደደ ካርቶንም ይሁን። ከዚያ እርጥቡን ልጣጭና አተላ፣ ቀጥሎ ስስ ፍግ፣ አንድ ሁለት እፍኝ አፈር። እንዲህ እየደራረብሽ እስከ ወገብሽ አድርሺው። ውሃው ሲበዛ ይሸታል፣ ሲያንስ ይተኛል፤ ጨብጠሽ ስትጨምቂው አንድ ሁለት ጠብታ ካንጠባጠበ ልክ ነው። መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክተሽ ተይው። በአራተኛው ቀን ስታወጪው ከሞቀና ከረጠበ ክምሩ ሕያው ነው፤ ከቀዘቀዘ ፍግ ጨምሪበት፤ ነጭ ሻጋታ ይዞ ከደረቀ ውሃ አርከፍክፊበት። በየሦስት ሳምንቱ ገልብጪው። በእኛ ብርድ ሦስት አራት ወር ይፈጃል፤ ሲበስል ዝናብ የነካው ጫካ ይሸታል። ሥጋና አጥንት እንዳትጨምሪ፤ የሰፈር ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆፍርልሽ ያድራል።

አንድ ዓመት ቸኩዬ ትኩስ የዶሮ ኩስ ለአርባ የሰላጣ ችግኝ አለበስኩ። በሦስተኛው ቀን ዳር ዳሩ እንደተቃጠለ ወረቀት ተጠቀለለ። ባለቤቴ አይታ ምንም አላለችም፤ ሰላጣ ግን ከገበያ ገዝታ መጣች።

ይህን የብስባሽ ነገር የጎበዝ ገበሬ ተረት አድርገሽ እንዳታዪው። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በ1988 ትግራይ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር የጀመሩት ሥራ አንዱ እግሩ ብስባሽ ነበር። ለተወልደ በ2000 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ካስገኘላቸው ሥራ ዋናው ግን ለዘርና ለገበሬ መብት በዓለም መድረክ ያደረጉት ክርክር ነው።

3. ዩሪያ የሚበትነውን ገበሬ አትናቂው። ያንቺ መደብ ነው፤ የእሱ ሄክታር ነው። ስሪላንካ በ2021 እ.ኤ.አ. የኬሚካል ማዳበሪያ በአንድ ጊዜ ከለከለች። ሩዙ ወደቀ፣ ሻዩ ተጎዳ፣ ዓመት ሳይሞላ ክልከላው ተነሣ። በማግስቱ ዓመት የዩክሬን ጦርነት የማዳበሪያን ዋጋ ሲሰቅለው ደግሞ፣ ሁሉን ከውጭ የሚጠብቅ ገበሬ ምን እንደሚሆን አየን። ሁለቱንም አስታውሺ።

4. ወደ ታፔላው እንመለስ። «ኦርጋኒክ» ሕግ ያለው ቃል ነው፤ የኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ ቁጥር 488 በ1998 ወጥቷል። ቡናችን ውጭ አገር «ኦርጋኒክ» ተብሎ የሚሸጠውም መርማሪ ማሳው ድረስ ሄዶ፣ መዝገብ አገላብጦ ነው። እናንተ የምታውቁትን ብቻ ጻፉ፤ «በዝናብ ውሃና በብስባሽ ያደገ» በሉ። ደንበኛ ሲመጣ ክምሩን አሳዩት፣ እጁንም ይክተትበት።

5. ክሽክሽ ሲመጣ አትደንግጪ። የቅጠሉን ጀርባ በሳሙና ውሃ እጠቢው፤ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጠሽ ዘፍዝፈሽ ብትረጪም ይረዳል። ዓይንሽን ብቻ ጠብቂ።

6. ዘር አትጨርሺ። ከጎመኖችሽ መካከል የጠነከሩትን አራት አምስት ምረጪና ሳትቀጥፊ ተያቸው፤ ያብቡ፣ ይድረቁ። ሰው «ምነው ይህ አረጀ» ቢልሽ ዝም በይው። ዶክተር መላኩ ወረደ የአዲስ አበባውን የዘር ባንክ ሲመሩ ይለፉበት የነበረው ነገር ይኸው ነው፤ የገበሬው ዘር ባንክ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ማሳ ላይም እንዲኖር። እነሱ ለአገር ያስቀመጡትን አንቺ ለአንድ መደብ አስቀምጪ።

ያቺ የእኔ ጎመን፣ እናትሽ ጓሮ የነበረችው፣ ዘሯ በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ እናትሽ ዘንድ አለ። ግንቦት ላይ አፍዪው፣ ሰኔ ሲገባ ችግኙን አዛውሪው። ግማሹን ብቻ ዝሪ፤ ጨርቁን መልሺልኝ።