ገመዱን የሚስበው እጅ

ሸማኔ ጎን ተቀምጦ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ድር ሲበጠስ ሸማኔው ወዲያው ሥራውን ያቆማል። ክሩን ፈልጎ ይቀጥላል፣ ከዚያ መወርወሪያውን መልሶ ይልካል። እጁ ነው የሚነግረው። ማሽን ግን እንዲህ ያለ እጅ የለውም፤ ድሩ ተበጥሶም መሸመኑን ይቀጥላል፣ ክንድ በክንድ ላይ ጨርቅ ያበላሻል። በሞተር የሚሠራ ሽመና ሲመጣ ታዲያ በማሽኖቹ ፊት ሰው ተገትሮ ክር መጠበቅ ነበረበት። የማሽን ዘበኛ ሆነ ማለት ነው።

ጃፓናዊው የአናጢ ልጅ ሳኪቺ ቶዮዳ ብዙ የደከመበት ነገር ይህ ነበር። በ1924 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሠራው ማሽን በእያንዳንዱ ድር ላይ ቀጭን ብረት ተንጠልጥሎለታል። ክሩ ሲበጠስ ብረቱ ይወድቃል፣ ማሽኑም ቀጥ ይላል። ማጉ ሲያልቅ ደግሞ መወርወሪያውን ራሱ ይቀይራል። ሠራተኛዋ የምትሄደው ወደ ቆመው ማሽን ብቻ ነው።

አውቶሜሽንን ጃፓኖች «ጂዶካ» ይሉታል። ቃሉ በሦስት ፊደላት ይጻፋል፤ የመሐለኛው «መንቀሳቀስ» ማለት ነው። የሳኪቺ ልጅ የመሠረተው ቶዮታ ግን በዚያ ፊደል ጎን «ሰው» የሚለውን ምልክት ይጨምርበታል። ሁለት ጭረት ናት፤ ፊደሉ ግን «መሥራት» ወደሚል ይለወጣል። ሲነበብ ያው ነው። እንደ እኛ «ሀ» እና «ሐ»፣ ጆሮ አይለየውም፤ ልዩነቱን የሚያየው ዓይን ነው።

ነገሩን አናሳምረው። አንዲት ሴት ብዙ ማሽን ያዘች ማለት ሌሎቹ ቦታቸውን አጡ ማለትም ነው። ቶዮታም ቢሆን በ1950 ገንዘብ አጥሮት ብዙ ሠራተኞች ከሥራ ወጥተዋል፤ ከረጅም አድማ በኋላ የሳኪቺ ልጅ ኪይቺሮ ራሱ ከኃላፊነቱ ለቋል። በቶዮታ ሠራተኛን ማስቀደም የሚባለው ነገር ከደግነት የመጣ የሚመስለው ካለ፣ ይህን ዓመት ያስታውስ። ድርጅቱና የሠራተኛ ማኅበሩ ስለ ሥራ ዋስትና መግባባት የጀመሩት ከዚያ ጠብ በኋላ ነው።

የሳኪቺ ሐሳብ በመኪና ፋብሪካው ውስጥ ገመድ ሆነ። ከመገጣጠሚያው መስመር በላይ ተዘርግቶ፣ ማንም ሠራተኛ እጁን ዘርግቶ የሚደርስበት ገመድ ነው። ብሎኑ አልገባ ያለው ሠራተኛ ይስበዋል። ሙዚቃ ይሰማል፣ ከላይ ባለው ሰሌዳ ላይ የዚያ ቦታ መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው እየሮጠ ይመጣል። መኪናው የዚያን ሠራተኛ ቦታ እስኪያልፍ ድረስ ጊዜ አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ከተስተካከለ ገመዱ ድጋሚ ይሳብና ሥራው ይቀጥላል። ካልሆነ መስመሩ ይቆማል።

ካይዘን የሚባለው የጃፓኖቹ ሥራን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ዘዴ ወደ እኛም አገር መጥቷል፤ በ2011 ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። ግድግዳ ላይ የተለጠፉት አምስቱ «ማ»ዎች፣ በ«ማ» የሚጀምሩት የሥራ ቦታ ማደራጃ ደንቦቹ፣ በየፋብሪካው ይታያሉ። እኔ የምጓጓው ገመዱን ለማየት ነው።

ገመዱ ሌላ አገር ሲሄድ ምን እንደሚሆን የታየው በካሊፎርኒያዋ ፍሪሞንት ነው። እዚያ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ነበር። መስመሩ በምንም ምክንያት አይቆምም፤ የተሳሳተ ነገር ተገጥሞለትም መኪናው ያልፋል፣ ጥገናው በኋላ ነው። በአንዳንድ ቀን ከአምስት ሠራተኛ አንዱ ይቀር ነበር። በ1982 ተዘጋ። በ1984 ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በጋራ «ኑሚ» ብለው ሲከፍቱት፣ የቀጠሩት በአብዛኛው እነዚያኑ ሠራተኞች ነው። በመቶ የሚቆጠሩትን ጃፓን ልከው አሠለጠኑ። የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲለኩ፣ በሌላ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ 31 ሰዓት የሚፈጅ የአንድ መኪና መገጣጠም በኑሚ 19 ሰዓት ይፈጃል። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ማሽኑም ያን ያህል የረቀቀ አልነበረም። በዚያው ዘመን ጄኔራል ሞተርስ በሮቦት በሞላው የዲትሮይት ፋብሪካው ሮቦቶቹ መኪናውን ትተው እርስ በርስ ቀለም ሲቀባቡ እንደነበር በሰፊው ተጽፏል።

ገመዱ ብቻውን ግን ይህን አያመጣም። «ይህ ሥራ በዚህ መንገድ ቢሠራ ሁለት ሰው ይበቃል» ብሎ የሚናገር ሦስተኛ ሰው፣ ነገ የሚባረረው እሱ ከሆነ ምን አናገረው? በኑሚ ከሠራተኞቹ ማኅበር ጋር በተፈረመው ውል፣ ድርጅቱ ሠራተኛ ከመቀነሱ በፊት የአለቆችን ደመወዝ እንደሚቀንስና ለውጭ የሰጠውን ሥራ እንደሚመልስ ቃል ገብቷል። በ1988 ገደማ ገበያው ቀዝቅዞ ፋብሪካው ከአቅሙ በጣም በታች ሲሠራ ቃሉ ተፈተነ። ማንም አልተባረረም። ሥራ የፈቱት ሥልጠና ገቡ፣ የሥራ አሠራራቸውን ራሳቸው እየመረመሩ አሻሻሉ።

ቅሬታ አልነበረም አልልም። ከማኅበሩ አባላት መካከል የሥራው ፍጥነት ትንፋሽ አሳጣን፣ መብራቱም እኛን ለማሯሯጥ ነው ያሉ ነበሩ፤ እውነት አላቸው። ገመድ የሚሳበው ሰው ሲደክም ጭምር ካልሆነ ጥቅሙ ለመኪናው ብቻ ነው። ቃሉም ዘላለማዊ አልነበረም፤ ጄኔራል ሞተርስ ሲወጣ ቶዮታም ብቻውን አልቀጠለም፣ ኑሚ በ2010 ተዘጋ።

ሕንፃውን የገዛው የኤሌክትሪክ መኪና አምራቹ ቴስላ ነው። በ2018 ሞዴል 3ን በሮቦት ብዛት ለማምረት ሲሞክር መስመሩ ተጨናነቀ፤ የተወሳሰበው የዕቃ ማመላለሻ ተነቀለ፣ የድርጅቱ አለቃ ኢለን መስክም ከልክ ያለፈው አውቶሜሽን የራሱ ስህተት እንደነበረና ሰው ከሚገባው በታች መገመቱን ጻፈ። በዚያው ግቢ ትልቅ ድንኳን ተተክሎ፣ እኛ ለሠርግና ለለቅሶ እንደምንተክለው ማለት ነው፣ ተጨማሪ መስመር ከሥሩ ተዘረጋ፤ ብዙ ሰውም ተሰለፈበት። የተመለሰው እጁ ነው። ማኅበሩና ውሉ አብረውት አልተመለሱም።