ቼሳፒክ ዳር ከመቆምሽ በፊት

ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደግፊውና የገዛሽውን መንጠቆ አሳዪኝ። ይሄ ጫፉ ቀጥ ብሎ የቆመው ይቅር። ክቡን አውጪ፣ ጫፉ ወደ ራሱ አንገት የታጠፈውን። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሮክፊሽ የሚባለውን ዓሣ ፈልገሽ ትል ወይም የዓሣ ቁራጭ ሰክተሽ ስታጠምጂ የሚያስፈልግሽ ይሄ ነው። ዓሣው ቢውጠው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሲሳብ ተንሸራቶ ይወጣና ከንፈሩ ጥግ ላይ ይይዘዋል። ተራውን መንጠቆ የዋጠ ዓሣ ግን ብዙ ጊዜ ሆድ ዕቃው ይበሳል፤ ብትለቂውም ትንሽ ዋኝቶ ሊሞት ይችላል። ሲነካልሽ ደግሞ ዘንጉን አትመንጭቂው። ክሩ እስኪወጠር ዝም ብለሽ አጠንጥኚ፣ መንጠቆው ቦታውን ራሱ ያገኛል።

ሌላውን ከመንገሬ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። ሐዋሳ ያየሽው ማጥመድ ኑሮ ነው። ታንኳውም መረቡም የልጆች ቀለብና የቤት ኪራይ ነው፤ ሰውየው ባዶውን ከተመለሰ ያ ቀን ጠፋ ማለት ነው። እዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በሩት 50 ወደ አናፖሊስ የሚነዳው ሰው ግን ዓሣ ከፈለገ ከቤቱ አጠገብ ገበያ ሞልቶለታል። የሚሄደው ለአየሩ፣ ለውኃው፣ ከሥራ ለወጣ ቀልቡ ነው። ስለዚህ ምንም ሳትይዢ ብትመለሺ የጎደለብሽ የለም። ይህን ከልብሽ ካልተቀበልሽ የቀረው ምክሬ ሁሉ ክልከላ ብቻ ይመስልሻል።

በጋው ላይ ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚወጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ለሮክፊሹ ደግሞ ከዓመቱ ክፉው ጊዜ ያ ነው። ቼሳፒክ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 6 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቶሎ ይሞቃል፣ የሞቀ ውኃ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው። ከእርሻውና ከከተማው የሚወርደው ማዳበሪያና ፍሳሽ አልጌውን ያበዛዋል፣ አልጌው ሞቶ ታች ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በዚህ ምክንያት ዓሣው ከላይ ሙቀት፣ ከታች ትንፋሽ አልባ ውኃ ይዞት በመሐል በቀጭን ንብርብር ታጉሮ ይከርማል። በዚህ ላይ ታግሎ ተጎትቶ ወጥቶ፣ ፎቶ እስኪነሳ አየር ላይ ቆይቶ ቢለቀቅ ብዙ ጊዜ አይተርፍም።

ለዚህ ነው የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ በበጋ የየቀኑን የሙቀት ትንበያ በባንዲራ ቀለም የሚያወጣው። አረንጓዴ ከሆነ ችግር የለም። ቢጫ ከሆነ፣ ማለትም አየሩ ከ90 እስከ 94 ፋራናይት ይደርሳል ከተባለ፣ ማልደሽ አጥምደሽ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ብትጨርሺ ይመረጣል፤ የምትለቂውንም ከውኃው አታውጪው። ቀይ ከሆነ፣ 95 እና ከዚያ በላይ ማለት ነው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሮክፊሽ አትፈልጊ። የማንቂያ ሰዓትሽን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ አድርጊው። ገና ሳይነጋ ሳንዲ ፖይንት ፓርክ አካባቢ ደርሰሽ ቤይ ብሪጅ የሚባለው ድልድይ መብራት ሳይጠፋ ብትጀምሪ ከሰውም ከሙቀትም ታመልጫለሽ፤ ፓርኩ በበጋ ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ስለሚሞላ የፓርኩን የመግቢያ ሰዓት አስቀድመሽ እዪ። የውኃውንም አወጣጥና አወራረድ ተመልከቺ። አናፖሊስ አካባቢ ልዩነቱ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆንም ዓሣ የሚበላው ውኃው ሲንቀሳቀስ ነው፤ በቆመ ውኃ ላይ ከመድከም ቁጭ ብለሽ ቡናሽን ጠጪ።

የምትለቂውን በእርጥብ እጅ ያዢው። በደረቅ እጅ ወይም በፎጣ ከያዝሽው ከበሽታ የሚጠብቀው ልጋጉ ይገፈፋል። ጣትሽን ስንጥቡ ውስጥ አትክተቺ። እዚያው ውኃው ውስጥ እንዳለ በፒንሳ መንጠቆውን ነቅለሽ ጭራውን እስኪመታ ደግፊው። የአትላንቲክ ዳርቻን ዓሣ የሚያስተዳድሩት ባለሙያዎች ከተለቀቁት ውስጥ 9 በመቶ ያህሉ ይሞታሉ ብለው ያሰላሉ። ቀን ሙሉ ብዙ እየያዘ የሚለቅ ሰው አንድም ዓሣ ቤቱ ሳይወስድ ብዙ ገድሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚበቃሽን ካገኘሽ አቁሚ።

እንዲህ የምጨነቅለት ያለ ነገር አይደለም። ሮክፊሽ የሜሪላንድ የክብር ዓሣ ነው፤ በአትላንቲክ ዳር ከሚገኘው አብዛኛው የሚወለደው እዚሁ ቼሳፒክና ወደ እሱ የሚፈሱት ወንዞች ውስጥ ነው። በ1970ዎቹ እና በ80ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓውያን ነው የምቆጥርልሽ) እጅግ በመመናመኑ ሜሪላንድ በ1985 ማጥመዱን ጭራሽ ከለከለች። እገዳው የተነሳው በ1990 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ባለጀልባውም፣ ምግብ ቤቱም፣ የመዝናኛ አጥማጁም ታገሡ፣ ዓሣውም ተመለሰ። አሁን ደግሞ እንደገና አስጊ ሆኗል። መምሪያው በየዓመቱ መረብ እየጎተተ የዚያን ዓመት ጫጩት ዓሣ ይቆጥራል፤ ቆጠራው ከ1954 ጀምሮ ያለ ነው። የረጅም ጊዜው አማካይ በአንድ የመረብ ጉተታ 11 ገደማ ሲሆን በ2023 1፣ በ2024 ደግሞ 2 ብቻ ሆነ። ዛሬ ያልተወለደ ዓሣ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ አይወልድም። በ2024 ደንቡ ጠብቆ ቤት የሚወሰደው ከ19 እስከ 24 ኢንች ያለው ብቻ፣ እሱም በቀን አንድ ሆነ። ትልልቆቹ እናቶች ስለሆኑ ነው የላይኛው ወሰን የተቀመጠው። ወቅቱና ልኩ ይቀያየራል፣ የሚዘጋባቸው ሳምንታትም አሉ፤ ከጓደኛሽ የሰማሽውን ይዘሽ አትውጪ፣ በዋዜማው የመምሪያውን ደንብ ራስሽ አንብቢ።

አሁን ወደ አጥማጆቹ ክለብ ልምጣ። የሥራ ባልደረባሽ ጋብዞሽ «አፍራለሁ፣ ሁሉም ሽማግሌ ፈረንጆች ናቸው» ያልሽውን ሰምቻለሁ። ሂጂ። ከነገርኩሽ ሁሉ ይህን አጥብቄ ነው የምለምንሽ። እኛ ሐበሾች በዚህ አገር ዓሣ የምናጠምደው ለብቻችን ነው፤ ወይ ከራሳችን ሰዎች ጋር ፒሩ (ውኃው ላይ የተዘረጋው መድረክ) ጫፍ ላይ ተሰብስበን። ደንቡን የምንሰማው በወሬ ነው፣ አንዳንዴም ቅጣት ከመጣ በኋላ። ክለብ ውስጥ ግን ሠላሳና አርባ ዓመት በዚህ ውኃ ላይ የኖረ ሰው አጠገብሽ ይቀመጣል። እገዳውን ያስታውሳል፣ የትኛው ሣር ከየትኛው ወንዝ አፍ እንደጠፋ ያውቃል። ያንን ከየትም አትገዢውም።

አብዛኞቹ ክለቦች በወር አንድ ማታ ይገናኛሉ፤ የእሳት አደጋ ጣቢያ አዳራሽ ወይም የሰፈር መሰብሰቢያ ቤት ይሆናል ቦታው። አንድ የጀልባ ካፒቴን ወይም የመምሪያው ባለሙያ መጥቶ ያወራል፣ ከዚያ ዘንግና ሪል በዕጣ ይወጣል፣ ቡና ይጠጣል። ባልቲሞር አጠገብ የፓሳዴናው ስፖርትፊሺንግ ግሩፕ እንዲህ ያለ የሰፈር ማኅበር ነው። ሰፋ ያለው ደግሞ ኮስታል ኮንሰርቬሽን አሶሲዬሽን ነው፤ በ1977 ቴክሳስ ውስጥ የዓሣው ማለቅ ያሳሰባቸው አጥማጆች የመሠረቱት፣ ሜሪላንድ ውስጥም ቅርንጫፍ ያለው። የሜሪላንዱ ቅርንጫፍ ከተማሪዎች ጋር ቀዳዳ ያላቸው የኮንክሪት ኳሶች እየሠራ ባሕሩ ወለል ላይ ያስቀምጣል፤ ኦይስተር ይይዝበታል፣ ትናንሽ ዓሦች ይጠለሉበታል። አንድ ያደገ ኦይስተር በቀን እስከ 190 ሊትር ውኃ ሊያጣራ ይችላል። ልጆችሽን ለዚያ ሥራ ውሰጂያቸው። ሲሚንቶ ተለውሰው ይመለሳሉ፣ ግን ባሕሩን የራሳቸው ያደርጉታል።

ስትገቢ ከኋላ አትደበቂ። አዛውንት ከተቀመጡበት ጠረጴዛ ሄደሽ ስምሽን ተናገሪ። «ዓሣው የት ነው ያለው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ አጥማጅ ቦታውን ለማያውቀው ሰው አይናገርም፣ መጠየቁም እንደ ነውር ይቆጠራል። ይልቅ «በዚህ ሙቀት ስፖት የሚባለውን ዓሣ በምን ትይዛላችሁ? ክሩን እንዴት ታስራላችሁ?» በይ። እጃቸው ወዲያው ወደ ኪሳቸው ይገባል፤ ክር አውጥተው እያሰሩ ያሳዩሻል። አንድ ሰው ራሱ ወደሚያጠምድበት ቦታ ከወሰደሽ ያንን ቦታ ለማንም አትንገሪ፣ ቴሌግራም ላይም ፎቶውን አትለጥፊ። በአነጋገርሽ አትሸማቀቂ። ለሁለተኛ ጊዜ ከሄድሽ ስምሽን ይዘው ይጠሩሻል።

ከሁሉ በላይ ግን ደንብ ሲወጣ ሕዝብ ይጠየቃል። መምሪያው ሐሳብ ይቀበላል፣ ስብሰባ ይጠራል፤ እዚያ የሚናገሩት የክለብ ሰዎችና ለገበያ የሚያጠምዱት ናቸው። ከፒር ላይ የሚያጠምደው፣ ጀልባ የሌለው፣ ሁለት ሥራ የሚሠራው ሰው የለም። እኛ የለንም። ስለዚህ የመኪና ማቆሚያው ሲዘጋ፣ የማታ ማጥመድ ሲከለከል፣ ጉዳዩ ሳይነሳልን ያልፋል። አንቺ ተነስተሽ ሁለት ደቂቃ ብትናገሪ ከጎንሽ ያሉት የክለቡ ሰዎች ይደግፉሻል፤ ቀድመው ያውቁሻላና።

ፈቃዱን እንዳትረሺ። ዕድሜው 16 የሞላ ሰው ሁሉ ለቼሳፒክ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በኢንተርኔት በደቂቃዎች ይወጣል። በስልክሽም በወረቀትም ያዢው። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ወደ ፒሩ ሲመጣ ዘንጋቸውን ጠቅልለው የሚሸሹ ወገኖቻችንን ታያለሽ። አትሽሺ። የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት ፖሊስ ነው፤ ከ1868 የኦይስተር ፖሊስ የተወለደ መሥሪያ ቤት። የሚጠይቅሽ ፈቃድሽን ነው፣ ማቀዝቀዣ ሳጥንሽን ያያል፣ ዓሣሽን ይለካል። አንቺም መለኪያ ይኑርሽ፤ አፉን ዘግተሽ፣ ጭራውን ጭምቅ አድርገሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኪ። ጥርጣሬ ካለሽ ልቀቂው።

ለድስት የሚሆነውን ከፈለግሽ ሮክፊሹን ተይውና ኋይት ፐርችንና ስፖትን ያዢ። ትንንሾች ናቸው፤ ቆዳቸውን ገፍፈሽ፣ ጎናቸውን ተልትለሽ እንደ ሐዋሳው ሙሉውን ብትጠብሻቸው በዳጣ ወደር የላቸውም። ሰማያዊው አምባዛ ደግሞ የዚህ ውኃ ተወላጅ አይደለም። በ1970ዎቹ ለመዝናኛ ተብሎ ቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀና አሁን ሸርጣኑንም ትናንሽ ዓሣውንም እየበላ ባሕሩን ሞላው። ሜሪላንድ የፈለግሽውን ያህል እንድትወስጂ ትፈቅዳለች። ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉ ወገኖች እንዳሉን ታውቂያለሽ፤ እንግዳ ከጠራሽ ሳትነግሪ ጉላሽ አድርገሽ አታቅርቢ። ስኔክሄድ የሚባለው፣ በ2002 ክሮፍተን ኩሬ ውስጥ የተገኘው የእስያ ዓሣ፣ ቅርፊት አለው፣ ሥጋው ነጭና ጠንካራ ነው። እሱንም ከያዝሽ እዚያው ግደይው፤ በሕይወት ይዞ መጓዝ ክልክል ነው። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ስለሚገባ ስለ ዓሣ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ እኔ በዚያ አልገባም። ከየትኛውም ዓሣ ቢሆን ቆዳውንና ስቡን አንሺ፣ መርዛማው የኢንዱስትሪ ኬሚካል የሚከማቸው ስቡ ላይ ነውና። የምታጠባ እናትና ትናንሽ ልጆች ስንት ጊዜ ቢበሉ እንደሚሻል የሜሪላንድ የአካባቢ ጥበቃ መምሪያ በየዓሣው ዘርዝሮ ያወጣል፤ አንብቢው።

ሁለት ነገር ደግሞ በቀልድ አትያዢብኝ። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ድንገት ይመጣል። የዘንግሽ ግራፋይት መብረቅ ያስተላልፋል፤ ድምፁን እንደሰማሽ ዘንጉን ጥለሽ መኪና ውስጥ ግቢ፣ ዓሣው ቢነካም ባይነካም። ሁለተኛው፣ ሞቃትና ጨዋማ ውኃ ውስጥ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ አለ። እጅሽ ወይም እግርሽ ላይ ቁስል ካለ ውኃው ውስጥ አትግቢ፤ መንጠቆ ወይም የዓሣ እሾህ ከወጋሽ ወዲያው በሳሙናና በንጹሕ ውኃ እጠቢው። ከቀላና ካበጠ፣ ትኩሳት ከተከተለ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ሄደሽ የባሕር ውኃ እንደነካሽ ለሐኪሙ ንገሪ። የጉበት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከሆነ ጉዳዩ የሰዓታት ነው። ከክለቡ ሰው ጋር በጀልባ ከወጣሽ ደግሞ ልጆቹ የሕይወት ጃኬታቸውን ከመነሻው እስከ መመለሻው አያውልቁ።

ክሮቹን ጠቅልለሽ፣ የትሉን እሽግ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥለሽ ነይ። ፒር ላይ የቀረ ናይሎን ወፍ አንቆ ይገድላል። የክለቡ ስብሰባ ማታ ስለሆነ ልጆቹን ከትምህርት ቤት በቀጥታ እኔ ጋ አምጫቸው፤ እራት በልተው፣ የቤት ሥራቸውን ሠርተው ይጠብቁሻል።